ቆቦ ላይ ውኃው ከሥር፣ መብራቱ ከሩቅ

አጎቴ ሽንኩርት ይተክላሉ። የድሮ የማሽላ ገበሬ ጠዋት ሲነሳ የሚያንጋጥጠው ወደ ሰማይ ነበር፤ እሳቸው ግን ዓይናቸውን ሲገልጡ መጀመሪያ የሚያዩት አምፖሉን ነው። ባለፈው በጋ ልጠይቃቸው ቆቦ ሄጄ፣ ገና ከመኝታዬ ሳልነሳ በረንዳ ላይ ሲያጉረመርሙ ሰማኋቸው። "ምነው አጎቴ፣ ደኅና አላደሩም እንዴ?" ብዬ ብወጣ፣ "ዛሬም የለም" አሉኝ። ስለ ጤና ጠይቄ ስለ መብራት ተመለሰልኝ።

እናላችሁ፣ ቁርስ ላይ ነገሩ ወደ ክርክር ዞረ። አጎቴ "የሚሻለን ፀሐይ ነው፤ ፈጣሪ በነፃ የሰጠንን ትተን አገር አቋርጦ የሚመጣ ሽቦ ስንጠብቅ ሽንኩርታችን ደረቀ" ይላሉ። ልጃቸው የኤሌክትሪክ ሙያ ተምሮ ወልድያ የሚሠራ ነው። "አባዬ፣ ሶላር አምፖል ያበራል፣ ስልክ ይሞላል። የጉድጓዱን ፓምፕ ለማዞር ግን የሙዝ እርሻ የሚያህል መስተዋት መዘርጋት አለብህ" ብሎ ይከራከራል። አንድ ጎረቤት ደግሞ ናፍጣ ይሻላል ባይ ነው፤ "ውድ ነው፣ ግን ሲያስነሱት ይነሳል" ይላል። በዚህ መሃል የአጎቴ ባለቤት ከማድ ቤት ብቅ አሉና "እናንተ ስለ ውኃችሁ ትጨቃጨቃላችሁ፤ የእኔን ምጣድ የሚያሞቀው የትኛው ነው?" ብለው ሁሉንም ዝም አሰኙት።

ከአዲስ አበባ የመጣሁ "የተማረ" ነኝና ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እንጀራውን ጎርሼ፣ ሻዩን ጠጥቼ፣ ፍርዱን ሳልሰጥ ተመለስኩ። ይቺ ጽሑፍ የዚያ ቁርስ ዕዳ ናት።

መጀመሪያ አገሩን ለማታውቁት ላሳያችሁ። ከወልድያ ወደ ሰሜን ስትነዱ ጎብዬን፣ ሮቢትን ታልፉና ሜዳው እየሰፋ ይመጣል። በስተምዕራብ የላስታ ተራሮች እንደ ግድግዳ ቆመዋል፤ በስተምሥራቅ የዞብል ተራራ አለ፤ ከእሱ ማዶ አፋር ነው። ከደጋው የሚወርዱት ጎሊናና ሆርማትን የመሳሰሉ ወንዞች ክረምት ላይ ድንጋይ እያንከባለሉ ይመጣሉ፤ በጋ ላይ ግን ከአንዳንዶቹ አሸዋው ብቻ ነው የሚቀረው። የራያ ገበሬ ከጥንት ጀምሮ ይህን ጎርፍ በቦይ ጠልፎ ማሳው ላይ ማጠጣት ያውቅበታል። ጎርፍ ግን እንግዳ ነው፤ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይቀራል።

ከደጋው ከሚወርደው ውኃ ብዙው ግን የትም አልጠፋም። በአሸዋውና በጠጠሩ ውስጥ ሰርጎ ከሜዳው ሥር ተኝቷል። እኔን ሁልጊዜ የሚያስገርመኝና የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው። በጥቅምት 1977 የዓለም ሕዝብ በቴሌቪዥን ያየው የኮረም መጠለያ ከዚህ ሜዳ ብዙ አይርቅም፤ ከአላማጣ ዳገቱን ስትወጡ ነው። ከራያ ቆላም ወደዚያ የወጣ ሰው ጥቂት አልነበረም። ያ ሁሉ ሕዝብ ዝናብ ቀረበት ተብሎ ሲረግፍ፣ ትቶት በሄደው መሬት ሥር ውኃ ነበር። ለረሃቡ ምክንያቱ የዝናብ መቅረት ብቻ እንዳልነበረ አውቃለሁ፤ ጦርነቱም፣ የመንግሥቱም ነገር ነበረበት። የሆነ ሆኖ ውኃው ነበር፤ ያልነበረው ወደ ላይ የሚያወጣው ጉልበት ነው። ቆቦ ላይ "የትኛው የመብራት ምንጭ ይሻላል?" ብሎ መጠየቅ የአምፖል ጥያቄ ያልሆነው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ያ ጉልበት በአገራችን እንዴት እንደመጣና ለማን እንደመጣ እንይ። የኤሌክትሪክ ብርሃን ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1890 ዓ.ም. ገደማ፣ ለዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት በተተከለ ጀነሬተር ነው። ከዚያ በአቃቂ ወንዝ ላይ የአባ ሳሙኤል ግድብ መጣ፤ ስድስት ሜጋ ዋት ገደማ የሚያመነጭ፣ የአገሪቱ የመጀመሪያው የውኃ ኃይል ጣቢያ ነው። በ1952 ዓ.ም. ደግሞ ጣልያን ለወረራው በከፈለችው የጦር ካሣ ቆቃ ተሠራ፤ 43 ሜጋ ዋት። መብራት ኃይል ብለን ያደግንበት ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት የተቋቋመው በ1948 ዓ.ም. ነው። የእነዚህ ሁሉ ብርሃን የዞረው አዲስ አበባና ዙሪያዋን፣ የስኳር ፋብሪካውንና የአዋሽን ሸለቆ ነበር። የክፍለ ሀገር ከተማ ዕድለኛ ከሆነ የናፍጣ ሞተር ይተከልለታል፤ ማታ ማታ ለጥቂት ሰዓት ይነዳና ድብን ይላል። ዕድለኛ ያልሆነው እንደ እኛ ቤት በኩራዝ ነው። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በላምባ ጢስ ነው፤ ጠዋት አፍንጫችንን ስንናፈጥ የምናየውን ጥቁር ነገር የዘመኔ ሰው ያውቀዋል።

ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። አባ ሳሙኤል ከዓመታት በኋላ ቆመ፤ ቻይናዎች አድሰውት ዳግም ሥራ እስኪጀምር ድረስ ለአሥርት ዓመታት ተዘግቶ ኖረ። ከገደሉት ነገሮች አንዱ ደለል ነው። ቆቃንም ደለል ብዙ ቦታውን ወስዶበታል። የውኃ ኃይል ነዳጅ አይገዛም፣ ጢስ የለውም፣ ግድቡ አንዴ ከቆመ ዋጋው ርካሽ ነው፤ ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን ግድብ ማለት ከላይ ያለው ገበሬ አፈር የሚጠራቀምበት ሳህን ነው። ደጋው ሲራቆት ሳህኑ ይሞላል። ጎርፍ ምን ያህል አፈር እንደሚሸከም ደግሞ ለራያ ሰው አይነገረውም።

ወደ ቆቦ እንመለስ። በ1990ዎቹ የቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም የሚባል ሥራ ተጀመረና ያ ከሜዳው ሥር የተኛው ውኃ ይቆፈር ጀመር። ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፈሩ፣ ፓምፖች ገቡ፣ የጠብታና የርጭት መስኖ ተዘረጋ። ማሽላና ጤፍ ብቻ ይዘራበት የነበረው መሬት ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ማንጎ ያበቅል ጀመር። አጎቴ ጎርፍ ጠላፊ ከመሆን ወደ ቫልቭ ከፋችነት የተዛወሩት በዚያ ነው። "ዝናብን በቧንቧ ሲያመጡልኝ መጀመሪያ አላመንኩም" ይላሉ።

ፓምፑን የሚያዞረው ወይ ናፍጣ ነው ወይ ከመስመር የሚመጣ መብራት። እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ፤ አትሰልቹ። አንድ ጉድጓድ በሰከንድ አርባ ሊትር ከስልሳ ሜትር ጥልቀት የሚያወጣ ነው እንበል። ይህን ውኃ ለማንሳት ብቻ ወደ 24 ኪሎ ዋት ያስፈልጋል፤ ፓምፑና ሞተሩ የሚያባክኑት ሲጨመር አርባ ገደማ ይደርሳል። ያን ኃይል በናፍጣ ጀነሬተር ላምጣ ካላችሁ በሰዓት አሥራ ሦስት ሊትር ገደማ ይጠጣባችኋል። በቀን አሥር ሰዓት ከሠራ 130 ሊትር ነው፤ በሳምንት በርሜሎች ማለት ነው። ናፍጣችን ደግሞ ጠብታ ሳትቀር በዶላር ተገዝታ ከባሕር ማዶ የምትመጣ ናት። የሽንኩርት ዋጋ ሲወርድ ናፍጣ አብሮ አይወርድም። ጎረቤታችን "ሲያስነሱት ይነሳል" ያሉት እውነት ነው፤ ችግሩ ከተነሳ በኋላ ነው። የሽንኩርቱን ትርፍ ጠጥቶ ነው የሚተኛው።

በመስመር የሚመጣው መብራት ያን ያህል አያስከፍልም። ከመስከረም 2017 ጀምሮ ታሪፉ በየሦስት ወሩ ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ከተወሰነ ወዲህ እንኳ ከናፍጣ ጋር አይወዳደርም። ስለዚህ ገበሬው ሽቦ ሲገባለት ደስ ብሎት ናፍጣውን ተሰናበተ። ተመርቆም ነበር። ግን ሽቦው ውኃ ላይ ነው የተንጠለጠለው፤ የአገራችን ኤሌክትሪክ ከዘጠና በመቶ በላይ ከወንዝ ነውና።

በ2001 ዓ.ም. የሆነውን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ግድቦቹ ጎደሉና መብራት በፈረቃ ሆነ፤ ፋብሪካ ቀን እየለየ ሠራ፤ አዲስ አበባ ውስጥ የሻማ ነጋዴ ከበረ። መንግሥትም ናፍጣ የሚበሉ ጀነሬተሮች ተከራይቶ ቀዳዳ ሊደፍን ሞከረ። በግንቦት 2011 ደግሞ የግልገል ጊቤ 3 ውኃ ቀንሶ እንደገና ፈረቃ ታወጀ፤ እስከ ሰኔ መጨረሻ ዘለቀ። ልብ በሉ፣ ሁለት ዓመት ተኩል ቀደም ብሎ በታኅሣሥ 2009 የተመረቀ፣ 1870 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ግድብ ነው። ግንቦት ማለት ለሀገሩ የግድብ ውኃ የሚጎድልበት፣ ለቆቦ ገበሬ ደግሞ ፓምፑ ከሁሉ ይበልጥ የሚያስፈልግበት የሐሩር ወር ነው። ሰማዩ ዝናቡን ሲከለክለው ሽቦውም አብሮ ይከለክለዋል ማለት ነው። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት አሁን ነው!

ግድብ ብዙ ዓይነት መሰናክልም አለው። በጥር 2002 ግልገል ጊቤ 2 ተመርቆ ጭብጨባው ሳያባራ፣ በቀናት ውስጥ ከ26 ኪሎ ሜትሩ ዋሻ አንድ ቦታው ተደረመሰና ሥራ አቆመ። ያው በዚያ ዓመት ኅዳር ላይ ተከዜ ተመርቆ ነበር፤ 188 ሜትር ቁመት፣ 300 ሜጋ ዋት። ተከዜ የሚነሳው ከዚያው ከላስታ ተራሮች ነው። በምሥራቁ ወገን የሚወርደው ጎርፍ ሆኖ እኛ ሜዳ ላይ ይሰርጋል፤ በምዕራቡ የሚወርደው ተከዜ ሆኖ ተርባይን ያዞራል። አንድ ተራራ ለሁለት ወገን ይሰጣል። አጎቴ ይህን ስነግራቸው "እሱስ ለሁሉም ሰጥቷል፤ ተካፋዩ ነው ያላወቀበት" አሉኝ።

ነፋሱስ? ነፋስና ግድብ እንደ ባልና ሚስት ናቸው፤ አንዱ ሲደክም ሌላው ይበረታል። በአገራችን ብዙ ቦታ ነፋሱ የሚበረታው በበጋ፣ ግድቡ በሚጎድልበት ጊዜ ነው፤ ክረምት ላይ ነፋሱ ሲቀዘቅዝ ግድቡ ይሞላል። በጥቅምት 2006 በመቀሌ አጠገብ የተመረቀው አሸጎዳ 84 ተርባይኖች ተተክለውበት 120 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራ ነው፤ አዳማ ላይም ሁለት ተከታታይ የነፋስ ጣቢያዎች አሉ። የነፋስ ጉዳቱ ሲተነፍስ ብቻ መሥራቱ ነው፤ ማጠራቀሚያ የለውም። ነፋስን ብቻውን አምኖ ፓምፕ የሚያስነሳ ገበሬ ደመና አይቶ ጤፍ የሚያሰጣ ነው። ከግድብ ጋር ሲጣመር ግን ነፋሱ በሚነፍስበት ሰዓት ውኃው ይቆጠባል፤ ይህ ለእኔ ካሉን አማራጮች ሁሉ ብልኅነት ያለበት ነው። ያሳዝናል፣ አሸጎዳ በጦርነቱ ጉዳት ደርሶበት ሥራ አቁሞ ነበር።

ጦርነቱ ከተነሳ ዘንድ... በትምህርት ቤት መጽሐፍ የኤሌክትሪክ ምንጮች ጥቅምና ጉዳት በሠንጠረዥ ይቀመጣል፤ ርካሽ፣ ውድ፣ ንጹሕ፣ ቆሻሻ ተብሎ። እዚያ ሠንጠረዥ ውስጥ የሌለ አንድ ዓምድ አለ፤ ቆቦ የተማረችው ያንን ነው።

በሐምሌ 2013 የሕወሓት ኃይሎች ቆቦን ያዙ። መብራቱ ጠፋ፣ ስልኩ ጠፋ፣ ባንኩ ተዘጋ። እስከ ታኅሣሥ 2014 እንደዚያ ሆነ። በዚያው ዘመን በጳጉሜን 4 ቀን 2013 በከተማዋ የተገደሉትን ሲቪሎች ነገር የሰብአዊ መብት ድርጅቶች መዝግበውታል፤ እዚህ የምገባበት አይደለም፣ ግን ሳልጠቅሰው ማለፍም አልቻልኩም። በነሐሴ 2014 ጦርነቱ እንደገና ተመልሶ መጣባት፤ ሰላሙ የተፈረመው ፕሪቶሪያ ላይ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ነው። በእነዚህ ወራት የቆቦ ጊራና ጉድጓዶች ፓምፕ፣ ሽቦ፣ ጀነሬተርና ትራንስፎርመር ተዘረፈ፣ ወደመ። የቀረውም ቢሆን የሚያዞረው አልነበረም።

የቆቦ መብራት የሚመጣው በአላማጣ ማከፋፈያ ጣቢያ በኩል ነው። አላማጣ ደግሞ ከኮምቦልቻ ወደ መቀሌ በሚሄደው ባለ 230 ኪሎ ቮልት መስመር ላይ ነው። በሰላሙ ጊዜ ይህን ማንም ልብ አይለውም፤ ከቆቦ አላማጣ በመኪና ከሰዓት ያነሰ መንገድ ነው፣ ገበያው አንድ፣ ዘመዱ አንድ። ጦር ግንባር በመካከል ሲያልፍ ግን የእርስዎ አምፖል ማብሪያ ከግንባሩ ማዶ ቀረ ማለት ነው። አምፖሉ ራሱ ደኅና ነው፤ ቆጣሪው ደኅና ነው፤ ግድቡ ሩቅ አገር ሞልቶ ተርፎ ይሆናል። በመሃል አንዲት ምሰሶ ወደቀች፤ በቃ። ከአጎቴ ጉድጓድ እስከ ግድቡ ስንት ምሰሶ እንዳለ ቆጥራችሁ ታውቃላችሁ?

ያን ጊዜ ቆቦን ትንሽ ያስተነፈሳት ፀሐይ ነው። ሶላር ያላቸው ጥቂት ቤቶች ነበሩ፤ ጣራቸው ላይ መጽሐፍ ገበታ የምታክል ጥቁር ሰሌዳ የሰቀሉ። አጎቴ እንደነገሩኝ ሰው ባትሪውን ይዞ እዚያ ይሰለፍ ነበር፤ ስልኩ ኔትወርክ ባይኖረውም ለባትሪ መብራትነት፣ ለፎቶ፣ የሞተ ልጁን ድምፅ ለመስማት። ወፍጮ ቤት ሁሉ ስለቆመ ሴቶች የተረሳውን የድንጋይ ወፍጮ ከጓሮ አነሱት። አጎቴ የፀሐይ ወገን የሆኑት ከዚያ ወዲህ ነው፤ ከመጽሐፍ አንብበው አይደለም። "ፀሐይን ኬላ ላይ የሚያቆማት የለም" ይላሉ።

ልጃቸው ግን ያለ ምክንያት አልተከራከረም። ያንን አርባ ኪሎ ዋት በፀሐይ ላምጣ ብትሉ እያንዳንዱ አምስት መቶ ዋት የሆነ ፓኔል ከመቶ በላይ ያስፈልጋችኋል። እሱም ቀን ቀን፣ ፀሐይ በደንብ በምትመታባቸው አምስት ስድስት ሰዓታት ነው። የራያ አቧራ ሲለብሰው ደግሞ ይደክማል፤ እንደ ከብት መታጠብ አለበት። ዋጋው በአንድ ጊዜ ነው የሚከፈለው፤ ገበሬ ደግሞ ናፍጣ በጀሪካን ሊገዛ ይችላል፣ መቶ ፓኔል በጀሪካን አይገዛም። ሌባም አለ። በገበያችን የሚሸጠው "ኦሪጂናል" የሚባል ባትሪም ዓመት ሳይሞላው የሚሞት ሞልቷል፤ እኔ ራሴ የገዛሁት ለሰባት ወር ብቻ አገልግሎ ተሰናብቶኛል።

መንግሥትም ቢሆን በትልቁ አልቀናውም። መተሐራ ላይ ለመቶ ሜጋ ዋት የፀሐይ ጣቢያ በ2010 መጀመሪያ ጨረታ አሸናፊ ተለይቶለት ነበር፤ ሳይሠራ ቀረ። የውጭ ባለሀብት በብር ሸጦ በዶላር ይዞ መውጣት ይፈልጋል፤ የእኛ ዶላር ደግሞ የታወቀ ነው።

የሆነ ሆኖ ለመስኖ የፀሐይ ነገር ልዩ መልካም ገጽ አለው። ፀሐይ የምትበረታው ተክሉ በሚጠማበት ቀን ነው። ደመናው ሲከብድ ዝናብ ይመጣልና ፓምፑ ቢተኛም ምንም አይደል። ባትሪም አያስፈልግም፤ ውኃውን ቀን አውጥቶ በገንዳ ማጠራቀም ይቻላል። ገንዳ ከባትሪ ይረክሳል፣ ይበረክታልም።

እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነገር ነው፣ ስለሱ ቁርስ ላይ ማንም አላነሳውም። ናፍጣ ውድ በመሆኑ ገበሬው ሳይፈልግ ቆጣቢ ነበር፤ እያንዳንዱ ሰዓት ኪሱን ይነካዋል። ፀሐይ ግን ከተተከለ በኋላ ነፃ ነው፤ ታዲያ ፓምፑን ማን ያጠፋዋል? የመንን ተመልከቱ። ከ2007 ዓ.ም. ጦርነት ወዲህ ናፍጣ ሲጠፋባቸው ገበሬዎቹ በሽዎች ሶላር ፓምፕ ተከሉ፤ ከረሃብ አተረፋቸው፣ እሰየው ነው። የሰንዓ አካባቢ የከርሰ ምድር ውኃ ግን ድሮም ያለ ልክ ይሳብ ነበርና ከዚያ ወዲህ ጭንቀቱ ብሷል። የቆቦ ውኃ ከላስታ ደጋ እየሰረገ የሚተካ ነው፤ የሚተካው ግን በራሱ ፍጥነት ነው፤ የእኛን የፓኔል ብዛት ቆጥሮ አይደለም። አያቶቻችን ሳያገኙት የሞቱበትን ውኃ እኛ ደግሞ በነፃ ጉልበት ጨርሰነው ለልጅ ልጆቻችን ደረቅ ጉድጓድ ብናወርስስ? አጎቴን ይህን በስልክ ብላቸው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉና "አሁን ደግሞ ፀሐይንም ልታስፈራኝ ነው?" አሉኝ።

የምጣዱ ጥያቄ ቀላል መልስ አለው፤ መልሱ ግን አይጣፍጥም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሦስት ኪሎ ዋት ተኩል ገደማ ይፈልጋል። ጣራ ላይ ያለች ትንሽ ሶላር ያንን አታሞቅም፤ ጀነሬተር ቢያሞቀውም እንጀራው የናፍጣ ዋጋ ያወጣል። ምጣድ የሽቦ ነው። ስለዚህ ሽቦው በሌለበት፣ ወይም እየመጣ በሚሄድበት ቤት፣ ስለ ንጹሕ ኃይል የምናወራው ሁሉ እንጨትና ኩበት ላይ ተጎንብሰው ለሚያነቡ ዓይኖች ወሬ ነው። በአገሪቱ መብራት የሚያገኘው ሕዝብ ግማሽ ገደማ ነው፤ ከዚያም ውስጥ ብዙው አምፖሉን ከሽቦ፣ ምሳውን ከእንጨት ነው የሚያገኘው።

ስለ እንፋሎትም አንድ ነገር ልበል፤ ዞብልን ተሻግሮ ያለው የአፋር ምድር ከሥር የሚፈላ ነውና። ኬንያ ኤሌክትሪኳን ግማሽ የሚጠጋውን የምታገኘው ከመሬት እንፋሎት ነው፤ ድርቅ አያውቀው፣ ሌሊት አያውቀው። ያው ስምጥ ሸለቆ እኛ ጋ አለ፤ እኛ ግን ከአሉቶ ላንጋኖ 7.3 ሜጋ ዋት ብለን ጀምረን እዚያው ላይ ብዙ ዘመን ቆየን። መቆፈሩ ውድ ነው፤ ተቆፍሮም እንፋሎቱ ላይገኝ ይችላል። ስለ ኑክሌር ደግሞ ታላቁ ግድብ በተመረቀ ሰሞን ተነስቷል፤ እሱን ለልጆቼ ዘመን ጸሐፊ ትቼዋለሁ።

ታላቁ ግድብ ካልኩ... መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. መሠረቱ ሲጣል አጎቴም ቦንድ ገዝተዋል፤ ሽንኩርት ሸጠው። ወረቀቷን ከመሬት ደብተራቸው ጋር አጥፈው ነው ያኖሯት፤ በጦርነቱ ጊዜ ሲሸሹም በወገባቸው ቋጥረዋት ሄዱ። ግድቡ የተመረቀው ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ነው፤ 5150 ሜጋ ዋት፣ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ። ቀኗን እኔ ከማየቴ በፊት ያስተዋሉት አጎቴ ናቸው። ከአራት ዓመት በፊት በያችው በጳጉሜን 4 ቆቦ ምን ሆና እንደዋለች ያልረሳ ሰው በዓሉን በአንድ ዓይኑ እየሳቀ፣ በአንድ ዓይኑ እያለቀሰ ነው ያየው። ደስ አላላቸውም ማለቴ አይደለም፤ ሻይ ቤት ሄደው በቴሌቪዥን ሲያዩ እጃቸውን እስኪቀላ አጨበጨቡ አሉ።

ይህን ሁሉ ኃይል አሁን አገሪቱ ታመነጫለች። ቆቦ የጎደላት ግን የሚመነጭ ሳይሆን የሚደርስ ነው። ባለፈው ዓመት የእነ አጎቴ ጉድጓድ ትራንስፎርመር ተቃጥሎ የሚመለከተው ክፍል እስኪቀይረው ሳምንታት አለፉ፤ ቲማቲሙ ከእነ እንጨቱ ደረቀ። ትራንስፎርመር ሲቃጠል ዓባይ ቢሞላ ምን ይጠቅማል? ስለዚህ ዳኝነቴ፣ ካልተናደዱብኝ፣ ለሦስቱም ተከራካሪዎች በከፊል ይፈርዳል። ሽቦው ይኑር፤ ምጣዱም፣ ወፍጮውም፣ ትልቁ ፓምፕም ያለሱ አይሆንም። የመጠጥ ውኃ ጉድጓዱ፣ ጤና ጣቢያውና አንዳንድ የመስኖ ጉድጓድ ግን ምሰሶ ሲወድቅ የማይወድቅ የራሳቸው ፀሐይ ይኑራቸው። ናፍጣው እንደ ሽማግሌ በጥግ ይቀመጥ፤ ጭንቅ ሲመጣ ብቻ ይጠራ። ከሁሉ በፊት ግን እያንዳንዱ ጉድጓድ ላይ ውኃው በዓመት ስንት እንደወረደ የሚለካ አንድ ሰው ይቀመጥ፤ ለዚህ ገመድና ደብተር እንጂ ሜጋ ዋት አያስፈልግም።

ይህን ዳኝነቴን ልነግራቸው ትናንት ደወልኩላቸው። የውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበራቸው ለአንዱ ጉድጓድ ሶላር ለመግዛት ገንዘብ ለማዋጣት ተሰብስቦ፣ ፓምፑ በቀን ስንት ሰዓት ይሥራ በሚለው ላይ ሳይስማማ መበተኑን ነገሩኝ። አጎቴ "ስምንት ሰዓት" ብለው ነበር፤ ልጃቸው "አምስት"። እኔም ስለ የመን ጀመርኩላቸው። ገና ወደ ሒሳቡ ሳልገባ ግን ከጀርባቸው አንድ ልጅ ጮኾ ሲጠራቸው ሰማሁ።

"ቆይ፣ ቆይ፣ በኋላ ትነግረኛለህ" አሉኝ፤ "መጣ! ቫልቩን ልክፈት።"

ስልኩ ተዘጋ።